ለሟች ኪራይ መጽሐፍ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

እድርተኞች፣ ጎረቤቶች፣ ከአጋሮና ከሊሙ ድረስ ለቅሶ ለመድረስ የመጣችሁ ወገኖች፤ ቡናው ቶና ላይ ስለደረሰና ንፍሮውም ስለዞረ፣ የሟችን የሕይወት ታሪክ ላንብብላችሁ።

ሟች ኪራይ መጽሐፍ የኖሩት ጅማ፣ ከሂርማታ ገበያ ወረድ ብሎ በነበረች የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ነው። መቼ እንደተወለዱ የሚያውቅ የለም፤ ሽፋናቸውና የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች ሲገነጠሉ የልደት ዘመናቸውም አብሮ ሄዷል። በእኔ ጊዜ ዋጋቸው በቀን 50 ሳንቲም፣ መያዣቸው መታወቂያ ነበር።

አከራዩ ጋሼ መደርደሪያውን በሦስት ከፍለውት ነበር፤ ፍቅር፣ ስለላ፣ ጉድ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ አልነበረም። ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ ያመጡት «ሰላዩ ሬሳ» እንኳ የተቀመጠው ስለላ ሳይሆን ጉድ ላይ ነው። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእውነት የተደረገ ነው ብንላቸው ጋሼ አልተቀበሉም። ሬሳ ሥራ ይዞ አይተው አያውቁማ! የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»ም እዚያው ነበር። የ1925 ዓ.ም. መጽሐፍ ነው፤ አርእስቱን አይተን ስለ ሌላ ፕላኔት መስሎን ብንከራየው፣ ለካ ባለታሪኩ አውሮፓ ተምሮ ተመልሶ በተዝካርና በሠርግ ነገር ከዘመድ የሚጋጭ ኖሯል። ቦታው ተሳስቷል ብለን ብንመልስላቸው፣ «የአገራችን ሰው ተዝካር አልደግስም ካለ ከዚህ በላይ ምን ጉድ አለ?» አሉን። ዛሬ ሳስበው ልክ ነበሩ።

በ2001 የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ጉድ መደርደሪያው ወረፋ ያዘ። የኢትዮጵያ ሳይንቲስት፣ የውጭ ሰላይና የጣና ገዳም በአንድ ጥራዝ! መጽሐፉን ማታ ወስዶ ጠዋት ያልመለሰ ሰው ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

ችግሩ የቡና ለቀማ ነበር። ኅዳር ሲገባ ሟች ከለቃሚ ጋር ወደ ሊሙ ይወርዱና ጥር ላይ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ጀንፈል ጀንፈል ይሸታሉ፤ አንዱ ገጽ ላይ የስኒ ቂጥ ክብ አድርጎ አትሞባቸዋል፤ ኅዳጋቸው ላይ በእርሳስ «ቀጣዩን ገጽ የቀደድክ እጅህ ይሰበር» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ እጅ «አሜን»። እኔ የደረሰኝ የ«ዴርቶጋዳ» ቅጂ ገጽ 117ን የያዘው ቅጠል አልነበረውም። ምን ሆነ ታዲያ? ቡና ፈልቶ፣ ያነበበው ሁሉ ገጽ 117 ላይ የሆነውን ከራሱ ያወራል፤ በረካ ሳይጠጣ የሚስማማ የለም። ከጠፋው ገጽ ስንት መጽሐፍ እንደወጣ ያየን እናውቃለን።

ሟችን የገደላቸው ስልክ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የወረቀት ዋጋም እጁ አለበት እላለሁ። መጽሐፍ ሲወደድ መታወቂያ ብቻውን መያዣ መሆኑ ቀረ፤ ጋሼም የመጽሐፉን ሙሉ ዋጋ አስይዙ ማለት ጀመሩ። ሙሉ ዋጋው በኪሱ ያለው ሰው ደግሞ ምን አስጨንቆት ይከራያል? ኪዮስኳ ዛሬ የስልክ ካቨር ትሸጣለች። የእህቴ ልጅ በቀደም ዕለት «ዴርቶጋዳ»ን በቴሌግራም አገኘሁት ብሎኝ ነበር፤ ከመሬት ቆፍሮ ያወጣው ይመስል። ገጹ ሁሉ ሙሉ ነው። ስለ ገጽ 117 ምን ታስባለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ምን የሚታሰብ ነገር አለው አለኝ።

አሁን የምናገረውን የሟች ቤተሰብ ይቅር ይበለኝ። ባለፈው ኅዳር አጋሮ መናኸሪያ ሳምቡሳ ገዛሁ። መጠቅለያውን ስፈታ የመጽሐፍ ቅጠል ነው፤ ቁጥሩን ባየው፣ 117። ሳምቡሳውን ትቼ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። ዘይቱ ከመሃል ጀምሮ ፊደሉን በልቶታል፤ የቀረው ላይኛው ሁለት መስመርና ታችኛው አንድ ቃል ነው። የእኛው መጽሐፍ ይሁን የሌላ፣ እሱንም መለየት አልቻልኩም። የሆነ ሆኖ አጣጥፌ ቦታው ላይ ከተትኩት።

የት ቦታ? መጽሐፉ እኔ ጋ ነዋ። በ2004 ተከራይቼ አልመለስኩትም። በቀን 50 ሳንቲም እስከ 2017 ቢታሰብ 2,372 ብር ከ50 ይመጣል፤ ለእድሩ አስገባለሁ። በጋሼ መሳቢያ የቀረውን የተማሪ መታወቂያዬን ያየ ካለ ግን ይንገረኝ፤ ፎቶው ላይ ገና ጸጉር አለኝ።