ሁለት መቶ ፈረስ በአምስት መቶ ሽልንግ

በኬንያዋ ሞያሌ ብልህ ገዢ ማለት አሮጌ ማርክ ኤክስ መኪና የገዛ ነው። ቪትዝማ ማንም ይገዛል። ሞተሯ አንድ ሊትር፣ ጠባይዋ የሰከነ፣ ቤንዚን የምትጠጣው እየተሳቀቀች። ይህ ምን ያኮራል?

ማርክ ኤክስ ግን ባለስድስት ሲሊንደር ነው፤ የ2.5 ሊትሩ ጉልበት 200 ፈረስ ገደማ። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ትከለክላለች፤ አንዴ ገብቶ አገር ውስጥ ለሚያረጅ ግን ክብሩ የተጠበቀ ነው። የናይሮቢው ባለቤት ለምን በርካሽ እንደለቀቀው አይጠየቅም፤ የሰው ገበና ነው።

ገዢያችን የከርሞ ደመወዙን ጭምር ካስያዘ በኋላ ማደያ ይገባል። መስኮቱን በግማሽ ዝቅ ያደርግና በኩራት «የ500 ሽልንግ!» ይላል። ለእያንዳንዱ ፈረስ ሁለት ሽልንግ ከሃምሳ ሳንቲም ይደርሰዋል ማለት ነው። አድልዎ የለበትም።

ፍጥነት መለኪያው እስከ 180 ይቆጥራል። የአገሩ ሕግ በአውራ ጎዳና ከ110፣ በከተማ ከ50 አትለፍ ይላል። ወደ ማርሳቢት የሚወስደው አስፋልት 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ ቤንዚኑ ግን ከኬላው ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ኃይሉ የሚገለጸው ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ በማጓራት ነው።

ወደ ኢትዮጵያዋ ሞያሌ ከተሻገረማ መሪውም በቀኝ፣ መንገዱም በቀኝ ይሆናል። የጭነት መኪና ለመቅደም በግራ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ «እለፍ» ማለት አለበት። ለዚህ ኃላፊነት ታናሽ ወንድሙ ተመድቧል። ቤንዚኑ ሲያልቅ የሚገፋውም እሱ ነው።