ሊብሬው ቀይ ይላል

የአጎቴ ዲኤክስ በሊብሬው ቀይ ናት። ይህ በማኅተም የጸደቀ ነገር ስለሆነ ክርክር የለውም፤ ክርክሩ የሚነሣው መኪናዋን ካዩ በኋላ ነው። ኮፈኗ ነጥቷል፣ ጣሪያዋ ሮዝ ሆኗል፣ በሮቿ ደግሞ ሁለቱን ለማስታረቅ የገቡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። አንድ ቀን ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርደን ድብ ባሕር ልንደርስ ስንል ያስቆመን ትራፊክ ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን ዞረ፣ እንደገና ሊብሬውን አየ።

«አባት፣ ይች መኪና ቀይ ናት?»

«ነበረች» አሉ አጎቴ። «አንተም ድሮ ሕፃን ነበርህ፤ ስላደግህ ስምህን ቀየሩብህ?»

ስቆ ለቀቀን።

ለምን ሌላ አይገዙም? የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከወጣበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለ መኪና ማስገባት ኪስ ያደማል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጃፓን የወጣች ዲኤክስ እኛ ዘንድ ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር አታረጅም፤ አንቱ ትባላለች እንጂ።

ቀለሟ ለመንጣቱ ጥፋቱ የፀሐይዋ ነው። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ፀሐይዋ ግን በጋቢው ላይ ሆና ሥራዋን ትሠራለች። ቀለሙን አያይዞ የያዘውን ሙጫ ጨረሩ ሲበላው የቀለሙ ዱቄት ከእስሩ ይፈታል፣ ገጹም ይሻክራል። የሻከረ ገጽ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትነው ዐይን የሚያየው ነጭ ነገር ነው።

ጥር ሲቃረብ አጎቴን ጭንቀት ያዛቸው። ለጥምቀት ጎንደር ፋሲል መዋኛ የሚወርደው ዘመድ ብዙ ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣም አለ። ከዚያ ሠርጉ ይከተላል። ጋራዥ ጠየቁ። ሙሉ ቅብ የተባለበት ዋጋ መኪናዋን እንደገና የመግዛት ያህል ሆነባቸው።

«ቀለሙ እኮ አልጠፋም» አሉኝ ሲመለሱ። «ታች ተደብቋል።»

እውነታቸውን ነበር። እርጥብ ጨርቅ ይዤ ኮፈኑን ብሞክረው ጨርቁ ቀላ። ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ቅብ ያልተደረበበት የድሮ ቀለም ጠባዩ ይህ ነው፤ የሞተው ቆዳ ሲነሣ ከሥሩ ሕያው ቀለም ይገኛል። የዛሬዎቹ መኪኖች ከላይ ክሊር አላቸው፤ እሱ ከተላጠ ፖሊሽ አይመልሰውም፣ መቀባት ግድ ነው።

መኪናዋን ዛፍ ሥር አስጠግተን አጠብናት፤ ቆርቆሮው እስኪቀዘቅዝም ጠበቅን። በጋለ ብረት ላይ ፖሊሽ ቶሎ ስለሚደርቅ ከማሸት ይልቅ መፋቅ ይሆናል። ይኸኔ መንደሩ በሙሉ መካኒክ ሆነ።

«ናፍጣ ቀቧት!» አለ አንዱ። ናፍጣ ሻካራውን ገጽ ሞልቶ ለጊዜው ያበራል፤ በማግሥቱ ግን የሊማሊሞን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል።

«ኮልጌት ነው መድኃኒቱ» አለ ሌላው። ኮልጌት የሚረዳው የደበዘዘ የፕላስቲክ መብራት ነው። የዲኤክስ መብራት መስታወት ስለሆነ ኮልጌቱ ለባለቤቱ ጥርስ ተረፈ።

አክስቴ በበኩላቸው የመጨረሻው ቅብ ካርናውባ የሚባል ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ሰም መሆኑን ሲሰሙ ተቆጡ። «የንብ ሰም በደጃችን ሞልቶ?» የንብ ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ካርናውባ እስከ 80ዎቹ ይችላል። አክስቴ ግን «የኛ ንብ ብራዚል ብትሄድ ሰሟን ይመልሱት ነበር?» ብለው መልስ አሳጡኝ።

ሥራው ቀላል ነው፤ ሞኙ እኛ ነን። ከኮፈኑ የአንድ እንጀራ ስፋት መርጬ ጥቂት ፖሊሽ በስፖንጅ አሸሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ። ከአመዱ መሐል ቀዩ ብቅ አለ! አጎቴ አጨበጨቡ፣ ወዲያውም ዝም አሉ። አንዲቱ ቦታ ስትበራ ቀሪው ኮፈን ምን ያህል እንደተጎዳ ተጋለጠ። ኮፈኑ ሲያልቅ በሮቹ አፈሩ። በሮቹ ሲያልቁ ጎማዎቹ፣ ከጎማዎቹ ቀጥሎ የግቢው በር አጎቴን አላስቀምጥ አላቸው። የግቢው በር ሲጠራ አክስቴ ወደ አጎቴ ጃኬት ማየት ጀመሩ። መወልወል አንድ ነገር አያሳምርም፤ ጎረቤቱን ሁሉ ይከሳል።

ያስቸገረው ግን አጎቴን ማስቆም ነበር። ፖሊሽ ሲያበራ ይጨምራል ብለው ያምናሉ፤ እሱ ግን ቀንሶ ነው የሚያበራው። የፋብሪካ ቀለም ከመሠረት ቅቡ ጋር ተደምሮ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በጠርዝ በጠርዙ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። «ጋሼ፣ በቃዎ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳይሆን» ብዬ በስንት ልመና ጨርቁን ተቀበልኋቸው። ማይክሮን የሚለውን ቃል ግን አልመለሱልኝም፤ ወደዱት።

መኪናዋ ቀላች። ቀልታም መከራ አመጣች፤ ለሠርግ የሚጠይቃት በዛ። አንድ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ጉልበት ስሞ ለመናቸው። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይች መኪና የምትወለወለው በማይክሮን ተቆጥሮ ነው። ለሠርግህ አቧራ አስለብሰሃት ብወለውላት፣ ለልጅህ ሠርግ ምን ይተርፋታል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ልጄ እስኪያገባማ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል!»

«ይምጣ» አሉ አጎቴ። «ፀሐይዋ የምትጠይቀው ነዳጁን መሰለህ?»