ልዕልቶችን ላስታጠቁልን ምስጋና

የምዕራቡ ዓለም የፋንታሲ ደራሲዎችና ፊልም ሠሪዎች ውለታ አመስጋኝ ሊያጣ አይገባም። ስታለቅስ፣ ስትተኛና ልዑል ስትጠብቅ የኖረችውን የተረት ልጅ ቀስቅሰው ትጥቅ ሰጥተዋታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የቲም በርተን አሊስ ጥሩር ለብሳ ጃበርዎኪ የተባለውን አውሬ አንገቱን ቀላችው። በ2012 ስኖው ዋይትም ጥሩሯን አጥልቃ ጦር መራች። በዚያው ዓመት የሳራ ጄ. ማስ «ስሮን ኦፍ ግላስ»፣ ሲንደሬላ ቅጥር ነፍሰ ገዳይ ብትሆንስ ከሚል ሐሳብ ተነሥቶ ታተመ። መጥረጊያ ይዛ ለኖረች ልጅ ከዚህ የበለጠ ሹመት ከየት ይመጣል! የሹመቱ ሥርዓትም አያስቸግርም። ጀግናዋ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ መርፌና ክር ትጠላለች፤ ቀሚስ ያንቃታል፤ የመንደሯ ሴቶች ጨዋታ አይጥማትም። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ጦር ሜዳ ያደገ ጎረምሳ በጩቤ ታንበረክካለች፤ እሱም እዚያው በፍቅሯ ይወድቃል። ልዑሉ ለካ አልተሰናበተም፤ ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው።

ይህ የማዳን ሥራ እንዲሰምር የጥንቷ ልጅ የግድ ደካማ መሆን አለባት። ስለዚህ የጥንቱን መጽሐፍ አለመግለጥ ይመረጣል። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ያሳተሙትን የገለጠ ሰው፣ ሃንሰል ተቆልፎበት ሲቀለብ ጠንቋይቱን ምድጃ ውስጥ የምትገፈትረው ግሬትል ሆና ያገኛታል። «የፊቸር ወፍ» ላይ ደግሞ ታናሺቱ የተቆራረጡ እኅቶቿን ገጣጥማ ታስነሣለች፤ ከዚያም ወርቅ በሞላበት ቅርጫት ሸሽጋ ገዳያቸውን ራሱን አሸክማ ወደ ቤታቸው ትልካቸዋለች። በፈረንሳይ ማዳም ዶልኗ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጻፈቻት ሲንደሬላ፣ ፊኔት ሳንድሮን፣ ሰው በላውን ምድጃ ውስጥ ጨምራ ሚስቱን ፀጉሯን እያበጠረች በመጥረቢያ ትቀላታለች። የዛሬው ደራሲ ሲንደሬላን ገዳይ በማድረጉ እንደ ፈር ቀዳጅ ሲጨበጨብለት የዘገየው ሦስት መቶ ዓመት ብቻ ነው። ባለቀይ ቆቧም ብትሆን፣ ከፈረንሳይ ገበሬዎች አፍ በተለቀመው ተረት፣ ደጅ ልውጣ ብላ ተኩላውን አታልላ፣ እግሯ ላይ የታሰረውን ገመድ ዛፍ ላይ አስራለት ታመልጣለች። ለተኩላው ያስበላት በ1697 ፈረንሳዊው ደራሲ ፔሮ ነው፤ አዳኝ የላኩላት ግሪሞች ናቸው። ደካማዋን ልጅ በብዛት ያመረቷት የተማሩ ጨዋ ወንዶች፣ ኋላም የዲስኒ ስቱዲዮ መሆናቸው እየታወቀ፣ ፍርዱ ግን ምድጃ ዳር ተቀምጠው ተረት ባወረሱ አሮጊቶች ላይ ይነበባል።

መቶ ዓመት ስለተኛችውስ ምን ይባላል? እውነት ነው፣ ተኝታለች፤ ልትቀሰቀስም ይገባል። ተረት ሁሌም እየተለወጠ የኖረ ነው የሚለውም ሙግት ትክክል ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አንጄላ ካርተር በ1979 የሚስት ገዳዩን የብሉቤርድን ታሪክ ስትገለብጥ ልጅቷን ከሞት የምታድናት እናቷ ናት፤ ፈረስ ጋልባ ደርሳ በአንድ ጥይት ትገላግላታለች። ልጅቷ ግን ከነፍርሃቷ፣ ከነስህተቷና ከነነውሯ ሰው ሆና ትቀራለች። ካርተር የፔሮን ተረቶች ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመች ሰው ነበረች፤ የምትገለብጠውን ታውቀዋለች። የእኛዎቹ አዳኞች ግን የሚያርሙት የልጅነት ፊልማቸውን ነው።

ሴት ልጅ ሰይፍ ብትይዝ ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። ምንም አይጎዳም። የሚያስቀው ወንድ ልጅ በጥንቱ ተረት ይሠራ የነበረውን ካልሠራች ጥንካሬ እንደሌላት መቆጠሩ፣ ይህም ለሴቶች እንደ ተደረገ ክብር መቅረቡ ነው። በእኛው ተረት ሥጋ እያቀረበች፣ ቀን በቀን እየተጠጋች ከአንበሳ ፀጉር የነቀለችው ሴትም ገና አልታረመችም፤ አርዳው ጎፈሩን ለብሳ ብትመለስ ምንኛ በዘመነች! ከሁሉ ይልቅ እርማት የሚያስፈልጋት ግን የግሪሞቹ የስድስቱ ስዋኖች እኅት ናት። ወፍ የሆኑ ወንድሞቿን ለማስመለስ ስድስት ዓመት ሳትናገርና ሳትስቅ ሸሚዝ ትሰፋለች፤ ሊያቃጥሏት እንጨት ላይ ሲያቆሟት እንኳ ሸሚዞቹን እንደያዘች ነው። ዝምታ፣ መርፌ፣ ትዕግሥት፤ ሦስቱም ወንጀል! በአዲሱ እትም መርፌውን በመጀመሪያው ገጽ ወርውራ ሰይፍ ትመዛለች። ወንድሞቿ ወፍ ሆነው ይቀራሉ፤ እሷ ግን ለሦስት ቅጽ የሚበቃ የበቀል ምክንያት አገኘች። አሳታሚው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?