ይድረስ ለየኔታ፦ ስለ ምድጃው ጉዳይ

ይድረስ ለየኔታ፣ ቤተ ልሔም፣ ጋይንት።

እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱ ግን የጉና ነፋስ ሲገርፈው ያደገውን እንኳ ያስለቅሳል። ያለሁት በሰሜን ጣሊያን፣ ትሬንቶ አካባቢ ነው።

ባለፈው በስልክ «እሳት በምን ታነዳለህ?» ሲሉኝ «በፔሌት» አልኩ፤ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» እንዳሉ መስመሩ ተቋረጠ። እነሆ መልሱ። ሰጋቱራ ይሰበሰባል፣ ይደርቃል፣ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ በኃይል ይጨመቃል። ሲጨመቅ ስለሚግል ከራሱ ከእንጨቱ የሚወጣው ነገር ያጣብቀዋል፤ ሙጫ አያሻውም። ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሸጠውም በ15 ኪሎ ከረጢት ነው። 2 ኪሎው የ1 ሊትር ናፍጣን ያህል ያሞቃል። እናቴ ብትሰማ «ኩበት በነጻ እያለ ሰጋቱራ በገንዘብ?» ስለምትል እባክዎ አይንገሯት።

እኔ የማውቀው ምድጃ ሦስት ጉልቻ ነው፤ ምርጫውም ሲግል የማይፈነዳ ድንጋይ ማግኘት ብቻ ነበር። እዚህ ሱቅ ስገባ ሻጩ «ስንት ኪሎ ዋት?» አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅም 12 ኪሎ ዋት ሊያሸክመኝ ተነሣ። ቤታችን 70 ካሬ ነው፤ ግድግዳው ብርድ የማያስገባ ከሆነ ለ10 ካሬ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃል። ትልቅ ምድጃ በትንሽ ቤት ሲገባ ቀኑን ሙሉ እሳቱን አፍኖ ስለሚያነድ መስተዋቱን ጥላሸት ያለብሰዋል። ይህንን ስነግረው መሐንዲስ መሰልኩት መሰለኝ፣ ወንበር አቀረበልኝ። የዚህ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ደንብ ምድጃዎች እንደ ሆቴል ኮከብ ይሰጣቸዋል፤ ጭሱ ያነሰው 5 ኮከብ ያገኛል። ባለቤቴ ኮከቡንም ኪሎ ዋቱንም ትታ ቀዩን መረጠች።

የኔታ፣ የዚህ ምድጃ ጉዱ እሳቱን ሰው አለመቆስቆሱ ነው። ከላይ ፔሌቱን ይሞሉታል፤ በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ጥቂት ጥቂት እያደረገ እሳቱ ላይ ይጥላል፤ የሚለኩሰውም ኤሌክትሪክ ነው። ባጭሩ ምድጃው የራሱን ተማሪ ቀጥሯል። ማታ «እሳቱን ተመልከቱ!» ሲሉን ደበሏችንን ተከናንበን የተኛን እንመስል የነበረው ትዝ ይልዎታል? ይህኛው ተማሪ አይተኛም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎም ስለማይወጣ ውሻ አይነክሰውም። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ትምህርቱን ጥሎ ይሄዳል። ለመለኮስ ብቻ ከ300 እስከ 400 ዋት ይፈልጋል።

ከሁሉ ያደከመኝ ድምፁ ነው። ጾመ ድጓን አልፌ ድጓውን ሳልዘልቅ ብሰደድም ጆሮዬን እርስዎ አበላሽተውታል። ሻጩ ሙቀቱን የሚነፋ ማራገቢያ ያለውን ሲያስነሣልኝ አንድ ድምፅ ይዞ ሳይተነፍስ ይጮሃል። ይዘት ብቻ! ድፋት የለ፣ ቅናት የለ፣ ርክርክ የለ። «ዜማው ግዕዝ ነው ዕዝል?» ብለው ሻጩ ካታሎጉን አገላብጦ «ይህ ሞዴል ያ አማራጭ የለውም» አለኝ። ማራገቢያ የሌለውን ወሰድኩ። እሱም ቢሆን ፔሌቱ ሲወርድ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ቤተ ልሔም ሊያስመሰክር ቢመጣ ግን በመጀመሪያው ቀን ይመልሱታል።

ማገዶው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ከረጢቱ ላይ ኢኤን ፕላስ ኤ 1 የሚል ማኅተም ካለ አመዱ ከ0.7 በመቶ አይበልጥም፤ እርጥበቱም ከ10 በመቶ አያልፍም። እኔ ደግሞ አንድ ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እጥላለሁ፤ ደህና የተጨመቀ ከሆነ ይሰምጣል። ባለቤቴ ብርጭቆዎቿን ቆልፋባቸዋለች። ዋጋውም እንደ ጤፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አውሮፓ በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት የሩሲያንና የቤላሩስን እንጨት ሲያግድ ከእጥፍ በላይ ወጣ።

«ለጉባኤው አንድ ላክልን» ቢሉኝ፣ የኔታ፣ አልክም። መብራቱ ሲሄድ እርስዎ እኔን ሊረግሙ ነው። ፔሌቱንስ ከየት ያመጡታል? ደግሞም ከተባይ የሚጠብቀው ጭስ በቧንቧ ሲወጣ የጎጆው ክዳን የነፍሳት ሲሳይ ሊሆን ነው። ይልቅ እንጀራ ለሚጋግሩት እማሆይ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ይግዙላቸው። ከጉልቻው ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ገንዘቡን በወንድሜ በኩል ልኬያለሁ። እንጨት ለቀማ ተረኛ ለሆነው ልጅም ግማሹ ሸክም እንደቀረለት ይንገሩልኝ። እርስዎ ሌላ ሥራ እንደማያጡለት ግን አውቃለሁ።

ጉባኤውን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

የቀድሞው እንጨት ለቃሚዎ