ሸክላ ሠሪ በገል ለምን ትበላለች? አንድ የሳንሱሲ ጥናት

ስለ እጅ ባለሙያዎች የሚነገሩ ተረትና ምሳሌዎች ከየት መጡ የሚለው ጥያቄ እስካሁን በወጉ አልተቋጨም። ይህ ጥናት ሊቋጨው ወደ ሳንሱሲ ወረደ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው፣ በያጁና ጸጉር አስተካካዩ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ፣ አጥኚው አበል ሳይጠይቅ አራት ሙያ ያዳርሳል።

አስቀድሞ የውጭውን ድርሳን እንቃኝ። እንግሊዛዊው ጆን ሄይውድ በ1546 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገር መድበል ውስጥ የጫማ ሠሪን ሚስት ጫማ ያማል። ስፔኖች በብረት ቀጥቃጭ ቤት ቢላዋው እንጨት ነው ይላሉ። ፋርሶች ሸክላ ሠሪውን በተሰበረ እንስራ ውኃ ያጠጡታል። እኛም ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ብለናል። አራት አገር ሳይመካከር አንድ ሐሜት ላይ መድረሱ ጉዳዩ ትኩረት እንደሚሻ ያሳያል።

የሳንሱሲው ናሙና ሐሜቱን ሙሉ በሙሉ አረጋግጧል። ጫማ ሰፊው የሌላ ሰው ጫማ የሚሰፋው ማሰሪያው በሽቦ የተጠገነ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው። በያጁ ለግማሽ ሰፈር የብረት በር ሠርቶ የራሱን ሱቅ ማታ ማታ በገመድ ይጠፍራል፤ ለራሱ የቆረጠውን ላሜራ አንድ ደንበኛ አይቶ፣ ወዶ፣ ገዝቶት ሄዷል። ጸጉር አስተካካዩ ጸጉሩ ጆሮውን ሸፍኖታል። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ማን ይቁረጠኝ? ጎረቤቴ እንደሆነ አይችልበትም» ሲል መልሷል። ጎረቤቱም ጸጉር አስተካካይ ነው።

ሊቃውንት ይህን ስንፍና ይሉታል። ጥናቱ ግን አይስማማም። ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጀበናና ምጣድ ሲተኩሱ ከእሳቱ ሁሉም ደኅና ሆኖ አይወጣም። ገዢ ደግሞ አንኳኩቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ነው የሚወስደው። ድምፁ ያማረው ገበያ ይወርዳል፤ የተሰነጠቀው ቤት ይቀራል። እንግዲህ ገሉ የሒሳብ ውጤት ነው። ደኅናውን ምጣድ ሸክላ ሠሪዋ ራሷ ከጣደችው ጤፉን በምን ትገዛዋለች?

ታሪክም ይደግፈናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን ከልክለዋል። የዚህ ጥናት አቅራቢም ጸሐፊ በመሆኑ ተጠቃሚ ነው። አዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ተረትን አልነካም። በጥናቱ መላምት መሠረት ከዚያ ወዲህ ተሳዳቢው ሁሉ ተረት አዋቂ ሆኗል።

እዚህ ላይ ባለሙያን ከሚጠብቅ አዋጅ ጎን ባለሙያን የሚቀጣ ሕግ የሚያቆም የንጽጽር ጥናት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር በ1266 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጣው የዳቦና የቢራ ሕግ ሚዛን ያጎደለ ጋጋሪን ይቀጣ ነበር። ጋጋሪዎችም ቅጣቱን ፈርተው በአሥራ ሁለት ዳቦ ላይ አሥራ ሦስተኛ ይደርቡ ነበር ይባላል፤ እስከ ዛሬ በእንግሊዞች ዘንድ የጋጋሪ ደርዘን አሥራ ሦስት ነው። የሳንሱሲ ጉሊት ይህን ሁሉ ያለ ሕግና ያለ ዳኛ ፈጽሞታል። «መርቂልኝ እንጂ» የምትል አንዲት ደንበኛ እጇን ከቲማቲሙ መደብ ላይ ሳታነሳ ከቆመች ምርቃቱ ይጨመራል።

ዋናው ግኝት የተገኘው ግን ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። አንዲት እናት መጡ።

«ልጄ፣ ቀሚሴስ?»

«አልቋል እትዬ፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። ነገ ይምጡ።»

«ባለፈውም ቁልፍ ብለኸኝ ነበር።»

«ያ የላይኛው ነው እትዬ። ይሄ የታችኛው ነው።»

ጨርቁ መቀስ ሳይነካው እንደተጣጠፈ መደርደሪያው ላይ ይታይ ነበር። እትዬም አይተውታል። ቢሆንም ከቀብዱ የተረፈውን ሒሳብ ገና ስላልከፈሉ ነገሩን አላከረሩም። ሰፊው በበኩሉ የእሳቸውን ቀብድ ከእሳቸው በፊት ላዘዘችው ሴትዮ ክርና ገበር ገዝቶበታል፤ የእሳቸው ቁልፍ የሚገዛው ቀጥሎ ከምትመጣው ሴትዮ ቀብድ ነው። ነገ የሚባለው ቀን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ጎን ካለው ሱቅ መስኮት ላይ ደግሞ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥናቱ ይህችን ወረቀት የሻጭ ወገን ያሳተመው ብቸኛ ምሳሌያዊ አነጋገር አድርጎ መዝግቧታል። የቀሩትን ሁሉ፣ የገሉንም፣ የእንጨት ቢላዋውንም፣ የጫማ ሠሪውን ሚስትም፣ የተረተው ደንበኛ ነው። ባለሙያው ያልተረተው ስለ ደንበኛ የሚለው ስላጣ አይደለም። እጁ ሥራ ላይ ነው፤ የሚያማው ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሙያ በልብ ነው የተባለውም፣ እንደ ጥናቱ ግምት፣ ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ምክረ ሐሳብ ቀርቧል። ጫማ ሰፊው ሣጥን ሥር ሶላቸው ተለጥፎ፣ ክራቸው ታድሶ፣ ባለቤቶቻቸው የቀሩባቸው ጫማዎች አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ከመካከላቸው አንዱ ያንተ ከሆነ ሒሳቡን ከፍለህ ውሰድ። ስለ ነጠላ ጫማው የምትተርተው ከዚያ በኋላ ነው።