በስተርጅና የመጣ ኢንግሊሽ

በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጋቢዬ ተጠቅልዬ፣ ውኃ ለመጠየቅ ገንዘብ እከፍላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከፈልኩ። ጥፋቴ "ሚጡዬ፣ እስቲ ውኃ አቀብይኝ" ማለቴ ነው። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ መዳፏን ዘርግታ፣ "አባባ! ኢንግሊሽ ፕሊስ! አንድ ብር!" ትለኛለች። ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይቀጣል አሉ፤ እሷ ሕጉን ይዛ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጣች። በአንድ ሳምንት ከጡረታዬ ሠላሳ ብር ሄደ።

ነገሩ የመጣው በኮሙኒኬሽን ቡኳ ነው። ሚስ የምትላት አስተማሪዋ፣ "ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም፤ ቤት በእንግሊዝኛ አናግሯት" ብላ ጻፈች። እናቷ ሥራ ትውላለች፤ አያቷ ቤተ ክርስቲያን አለብኝ ብላ ሸሸች። "አባዬ፣ አንተ እኮ በፈረንጅ ነው የተማርከው!" አለችኝ ልጄ።

መማሩንስ ተምሬያለሁ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ፒስ ኮር የሚባሉት አሜሪካኖች በየትምህርት ቤቱ ሲበተኑ፣ ሰባተኛ ክፍል ስገባ አንዱ ለእኛ ደረሰን። ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊያጫውተን ይሞክራል። አስተማሪ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል እንዴ? ንቀነው ዝም አልን። እሱ ሲሄድ የእኛው ሰው አርጩሜ ይዞ መጣና "ትምህርት" ተጀመረ፤ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ መለወጥ። ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ "ድመቷ አይጧን በላች" ብትሉኝ፣ አይጧን በድመቷ አስበላታለሁ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ግን አይጥ የበላች ድመት ጉዳይ አንድም ቀን አልቀረበልኝም።

መናገር ላይ ስንመጣ ሌላ ነው። ከቤቴ ቁልቁል የአሜሪካ ኤምባሲ አለ፤ ሽቅብ እንጦጦ። ፈረንጁ ሁሉ የሚያልፈው በእኛው በር ነው። መንገድ ሊጠይቀኝ የሚጠጋ ካለ መንጋጋዬን በእጄ ደግፌ ፊቴን አጨማድዳለሁ። ጥርሱን አሞታል ብሎ፣ አዝኖ ያልፈኛል።

ልጄስ ብትሆን? ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ፣ 1997 ዓ.ም. ግድም፣ ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀድቶ በሳተላይት ይወርዳል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ "ቬሪ ጉድ!" ይላል። ማንን ነው? እሷ ገና እስክሪብቶ እየፈለገች ነው። ስልሳ ልጅ አፉን ሳይከፍት ሲመሰገን ዋለ። በ1986ቱ ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ይሰጥ ከተባለም ሠላሳ ዓመት አለፈው። ጻፉ ሲሉን እንጽፋለን፤ ተናገሩ ሲሉን ሁላችንንም ጥርሳችንን ያመናል።

እና የመጀመሪያውን ሳምንት ልጅቷን እንደ ሌባ መረመርኳት። ስኒ አንሥቼ "ዋት ኢዝ ዚስ?" ረከቦቱን እየጠቆምኩ "ዋት ኢዝ ዚስ?" በትዝብት አየችኝ። ስኒ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፤ ምን ልትነግረኝ? ስትሳሳት ደግሞ ቃሉን ከአፏ እነጥቃለሁ፤ "ጎ አይባልም፣ ዌንት ነው!" ጭራሽ ዘጋች።

አንድ ቀን የአያቷን ነጠላና የእኔን ጋቢ በረንዳው ገመድ ላይ ሰቅላ ሱቅ ከፈተች። ሸማኔዎቻችን ሲሸጡ እያየች ነው ያደገችው። እኔ ፈረንጅ ሆንኩ።

"ሃው መች?"

"ቱ ሃንድረድ።"

ለገዛ ጋቢዬ ሁለት መቶ! የእውነት ተናድጄ፣ "ቱ መች! አይ ጎይንግ!" ብዬ ተነሣሁ። ከኋላዬ ሮጣ ሱሪዬን ያዘች፤ "ኖ ጎ! ሬይን ካሚንግ! ዩ ኦልድ፣ ዩ ኮልድ!"

ይህን ያህል አከታትላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ላርማት አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። እሷ ግን ቆም ብላ፣ "አባባ፣ አይ ጎይንግ አይባልም። አይ አም ጎይንግ!" አለችኝ። የአማርኛውን አንድ ብር ስጠይቃት አልሰማችም። ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬም ሳላስበውም እሳሳታለሁ፣ እሷ ታርመኛለች፤ ለማረም ደግሞ መናገር ግድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተገርፌ ተምሬ፣ በመጨረሻ የጠቀመው አለማወቄ ይሁን?

ቅዳሜ ወደ ገበያው ስንወርድ አንዲት ፈረንጅ ስልኳን እያየች ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እጄ ሳላዘው መንጋጋዬ ላይ ወጣ። ሚጡ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

"ማይ ግራንድፋዘር ቲዝ ኢዝ ሲክ። እንጦጦ ኢዝ አፕ። አፕ፣ አፕ፣ አፕ!"

ሴትዮዋ አዘነች፤ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆይታ ክኒን አወጣችልኝ። አልፈልግም ልል ቃሉ ጠፋኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀበልኩ።

ሚጡ መዳፏን ዘረጋች።