ጽድቅ በለቀማ ወራት

የአጋሮ ሰዎች ሆይ፣ ታኅሣሥ እየገባ ነውና ቤታችሁን አሰናዱ። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ፣ በአገሩ በረዶና በዘመዶቹ ጨዋታ የተሰላቸ አንድ ደግ ወጣት በዓሉን የት ሆኖ ለሰው ልጅ እንደሚደክም ይመርጣል። አማራጩ ሰፊ ነው። ካሪቢያን ባሕር ላይ ካለች ደሴት ወርዶ ጠዋት የኤሊ እንቁላል እየጠበቀ፣ ከሰዓት በኋላ እየዋኘ በዓሉን ሊያሳልፍ ይችላል። ወይም ወደ እኛ ይመጣል። እኛ ባሕር የለንም። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ የሚያገኘው የቡና ጥላ፣ አቧራና ባጃጅ ነው። እንግዲህ እኛን የመረጠ ሰው መዋኘቱን ጭምር መሥዋዕት አድርጓልና ክብሩም በዚያው ልክ ይሁን።

ገና ሃያ ሁለት ዓመታቸው ቢሆንም አንቱ በሏቸው። ትኬታቸውን የቆረጡት በገዛ ገንዘባቸው ነው፤ እኛን እንዲረዱ ለሚያሰማራቸው ድርጅትም ከፍለዋል። ለመሥራት የሚከፍል ሠራተኛ ከወዴት ይገኛል? የኛ ቀን ሠራተኛ እንደሆነ የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው፤ ሠርቶ «ክፈሉኝ» ይላል። ከዳውሮ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ለለቀማ የሚመጣውን ልጅ «አንተ» የምንለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እርግጥ እሱም እናቱን ትቶ፣ በዓሉን በሰው አገር፣ በሰው መጋዘን ወለል ላይ ነው የሚያሳልፈው። ነገር ግን በኪሎ ስለሚከፈለው ጽድቁ ተበላሽቷል።

አንድ አደራ አለኝ። አጋሮ ውስጥ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ገናን የሚያከብረው ታኅሣሥ 29 ነው። እንግዳችን ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ቀይ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከረሜላ በከረጢት ይዘው፣ በዓሉን ብቻችንን እንዳናሳልፍ ብለው መጥተዋል። «ዛሬ የምን በዓል ነው?» ብሎ የሚያሳፍራቸው ሰው እንዳይኖር። ለምን በአረፋ ወይም በመውሊድ አልመጡም ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። የዓመት ፈቃዳቸው አይገጥምም።

ወደ ሥራው እንግባ። በዙሪያችን ባለው በጎማ ወረዳ ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል። በታኅሣሥ አጋማሽ የቆላው ተጠናቅቆ የደጋው ብቻ ይቀራል፤ አብዛኛው ሥራ ወደ ማድረቂያ አልጋው ዞሯል። ገበሬው ከንጋት እስከ ማታ የሚሯሯጥበት፣ ሚዛን ላይ ያለው ሰው ቀና የማይልበት፣ የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ ምሳውን የሚረሳበት ወቅት ነው። እንግዳ ለመቀበል ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። ሁላችንም ሥራ ላይ ስለሆንን ሁላችንንም ማስፈታት ይቻላል። አንዱ ያስተረጉማል፣ አንዱ የፈላ ውኃ ያቀርባል፣ አንዷ ከማድረቂያ አልጋው ተነሥታ ቡና ትቆላለች። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሳይጓደል ሦስት ዙር ይጠጣል። አልጋው ላይ የተሰጣው ቡና እስኪመለሱ ድረስ አይገለበጥም። ለአንድ ቀን ቢሻግት ምን አለበት?

ከዚያ እንግዳችን ለቀማ ይገባሉ። እሸት መፈልፈያው የሚቀበለው ቀይ ቀዩን ብቻ ስለሆነ ለቃሚ ፍሬውን እየመረጠ፣ አንድ በአንድ መልቀም አለበት። ይህ ግን ልምድ ላላቸው የተተወ አሰልቺ ሥራ ነው። እንግዳችን ቅርንጫፉን ይይዙና አረንጓዴውንም፣ ቀዩንም፣ የከርሞውን እንቡጥም አንድ ላይ ሸምጥጠው ቅርጫት ውስጥ ያኖሩታል። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ያህል እሸት እንደሚያስፈልግ ሲነገራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያዝናሉ። የለቀሙትን መልሰው የሚለቅሙ ሁለት እናቶች ይመደባሉ። በጎ አድራጎት የሥራ ዕድል ይፈጥራል የሚባለው እንግዲህ እውነት ነው።

ቅዳሜ እዚሁ ጎማ ወዳለችው ጮጬ መንደር ወስደናቸው ቡና ለዓለም የተገለጠው እዚሁ መሆኑን እንነግራቸዋለን። «ቡና የተገኘው በኛ ነው» የሚሉት ከፋዎች ቢሰሙ ይቆጣሉ። ደግነቱ ቦንጋ ሄዶ ለማጣራት የሚተርፍ ቀን የላቸውም።

ስለ ግድግዳው ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የበጎ ፈቃድ ሁሉ ማረፊያ ግድግዳ ነውና። ለእንግዳ የሚሰጥ አንድ የትምህርት ቤት ግድግዳ ሊኖረን ይገባል። አምና ሰማያዊ የተቀባውን ዘንድሮ ቢጫ ይቀቡታል፤ ለከርሞ የሚመጡት ደግሞ ቢጫው ላይ የአፍሪካን ካርታና ሁለት ቀጭኔ ይስሉበታል። ጎማ ውስጥ ቀጭኔ አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም ለሥዕል ያምራል። ቀለሙ እየተደራረበ ግድግዳው ወደ ክፍሉ ውስጥ እየገባ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ «ከዛፍ ሥር የሚማሩ ሕፃናት» ተብለው ሌላ ዙር እንግዳ ይመጣላቸዋል። የከተማችን ቀለም ቀቢ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ሲያይ ቅር ሊለው አይገባም። እሱ ያለው ብሩሽና መሰላል ነው፤ አዘኔታ የለውም።

መምህሩም ይታገሥ። ዓመቱን ሙሉ ሰባ ልጅ ይዞ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ከርሞ ለአሥራ አምስት ቀን ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ቢል፣ የእንግዳችንንም ስልክ ይዞ ቪዲዮ ቢቀርጽ ክብሩ አይቀንስም። ልጆቹ ስለ ራስና ትከሻ የሚዘመረውን መዝሙር አምና ተምረውታል፤ ነገር ግን ዛሬ የሰሙት ይምሰሉ። ሲስቁ ደግሞ ከነአቧራቸው ይሁን፣ ማንም ፊታቸውን እንዳያጥብብኝ። ልጁን ራሱን በጉዲፈቻ ይዞ ወደ ውጭ መሄድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ስለተከለከለ ዛሬ የሚወሰደው ፎቶው ብቻ ነው።

ድሮ የመጡት እንዲህ አልነበሩም፤ ሥራውን ጨርሶ አያውቁበትም ነበር። የአሜሪካው የሰላም ጓድ በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ 280 የሚጠጉ መምህራን ሲልክ ያስፈረማቸው ለሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት! ክረምቱን፣ ወባውን፣ የፈተና እርማቱን ሁሉ ከሰው ጋር አሳለፉ፤ ቋንቋ ተማሩ፤ ጥቂቶቹም እስኪያረጁ ድረስ የኢትዮጵያ ነገር ሳይለቃቸው ቀረ። ለአንድ ፎቶ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የኛዎቹም ቢሆኑ የባሱ ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። በዚሁ በታኅሣሥ ወር፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ አዘመተ፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ ስላልነበረ በጎ ፈቃደኛ ሊባሉ አይችሉም። በጅማ አካባቢ የወረዱት መሬቱ የማን እንደሆነ ይጠይቁ ጀመር፤ ከባለርስትም ከፖሊስም ተጣሉ። እንዲህ ያለ እንግዳ አስቸጋሪ ነው። የዛሬው እንግዳችን ድህነታችንን አይተው ያለቅሳሉ እንጂ ከየት እንደመጣ ጠይቀው አያውቁም።

ከሁሉ የከፉት ግን ራሳቸውን የሚችሉ ገበሬዎች ናቸው። እዚሁ አጠገባችን ያለውን የዱሮሚናን ማኅበር ተመልከቱ። ገበሬዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ተደራጁ፤ የቡና ባለሙያ አማከራቸው፤ ገንዘብ ተበድረው እሸት መፈልፈያ ተከሉ። ቀይ ፍሬ ብቻ እየተቀበሉ፣ ማጠቢያውን እየጠበቁ፣ መዝገብ እየያዙ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላቸው አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጡ። ዘመኑ 2012 እ.ኤ.አ. ነበር። በብድር! ተቀብሎ ማመስገን እያለ ተበድሮ መክፈል ምን የሚሉት ኩራት ነው? አንድም ግድግዳ አልተቀባም። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቢስፋፋ የታኅሣሥ እንግዶቻችን ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?

እንግዳችን የካሪቢያኗን ደሴት ቢመርጡ ኖሮም ከቡናችን አያመልጡም ነበር። በ1720ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ፈረንሳዊ መኮንን የቡና ችግኝ በመርከብ ይዞ ማርቲኒክ ወረደ። በ1780ዎቹ ሴንት ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሄይቲ፣ ከዓለም ቡና ግማሽ ያህሉን ታመርት ነበር። ለቃሚዎቹ ከአፍሪካ በሰንሰለት የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ከአገር ርቀው፣ ያለ ደመወዝ፣ ደሴት ላይ ነው የኖሩት፤ ሰርተፍኬት የሰጣቸው ግን አልነበረም።

የአዲስ አበባ ሰውም ከዚህ ጽድቅ አልራቀም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ፣ ክረምት ሲገባ ባለ አርማ ቲሸርት የለበሰ ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል። የሚተክል አላጣንም። በበጋው መጥቶ ውኃ የሚያጠጣ ቲሸርት ግን እስካሁን አልታተመም።

የመሸኛው ዝግጅት እንዳይጓደል። በግ ይታረድ፤ ገንዘቡ ከማኅበሩ ይወጣል። ስጦታቸው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ አልገባ ካለ ባጃጅ ተከራይተን እስከ ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ እናደርስላቸዋለን። ሰርተፍኬቱ ላይ ክብ ማኅተም መኖሩን አረጋግጡ፤ ያለ ክብ ማኅተም ዩኒቨርሲቲያቸው ደግነታቸውን አይቆጥርላቸውም። ማኅተሙን የያዘው ሒሳብ ሠራተኛ ሚዛኑን ዘግቶ ከማለዳ ጀምሮ አዳራሽ እንዲገኝ ተነግሮታል። የዳውሮ ልጆችም ተጋብዘዋል፤ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ያጨበጭባሉ። የለቀማ ሒሳባቸው የሚታሰበው ከዝግጅቱ በኋላ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛው ካልደከመው።